ከግራ እጅጌው የፈታሁት ጥልፍ

ነገሩ ያጋጠመኝ ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ነው። ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ሳለ ማንም አልወቀሰኝም። ከአእምሮዬ ያልወጣው ለዚህ ይመስለኛል።

መርሳ ከተማ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። ያስተማረኝ ሰው የለም። ሙያውን ያገኘሁት አሮጌ ልብስ እየፈታሁ፣ እንዴት እንደተሰፋ እያየሁ፣ መልሼ እየገጠምኩ ነው። የፈታሁትን ክር አልጥልም። በካርቶን ቁራጭ ላይ ጠቅልዬ ከየት እንደወጣ እጽፍበታለሁ።

አንድ ማክሰኞ ራሕማ የምትባል ልጅ ከአክስቷ ከእቴ ዘይነባ ጋር ከግራና ከተማ መጣች። ሠርጓ ለእሑድ ነበር። ወልድያ ሄዳ ሁለት የኪራይ ቬሎ ሞክራ አንዱን አስይዛለች። ለእኔ ያመጣችው ግን በፌስታል የተጠቀለለ የእናቷን የሠርግ ቀሚስ ነው። በእጅ ከተፈተለ ጥጥ የተሠራ፣ አንገቱና የእጅጌዎቹ ጫፍ በቀይና በአረንጓዴ ክር የተጠለፈ።

«አይጥ የበላውን ልብስ ካልለበስኩ ትላለች!» አሉ እቴ ዘይነባ። «ሐራ ያሉት አማቾቿ ምን ይሉናል? ቬሎ መከራየት አቅቷቸው ነው አይሉም?»

ራሕማ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። እናቷ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗል። በጦርነቱ ጊዜ ቤታቸው ሲዘረፍ ፎቶዎቹ ሁሉ ጠፉ። ቀሚሱ የተረፈው እህል የሚቀመጥበት ጎታ ውስጥ ስለተደበቀ ነው።

«ሌላ የሷ ነገር የለኝም» አለችኝ። «ከተጠገነ እሱን እለብሳለሁ። ካልሆነ ቬሎው አለ።»

«አብሽሪ፣ ይጠገናል» አልኳት።

አይጥ የበሳቸውን ሁለት ቀዳዳዎች ከታችኛው እጥፋት በወሰድኩት ጨርቅ ደፈንኩ። ሐሙስ ዕለት የግራውን እጅጌ ሳይ ጥልፉ መጨረሻው ላይ፣ አራት ጣት ያህል ቦታ፣ ይንሻፈፋል። አንዱ ስፌት ረጅም፣ ሌላው አጭር ነው። ቀኙ ግን አንድ እንከን የለውም። የጠለፈችው ሴት ደክሟት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ማንንም ሳልጠይቅ ፈታሁትና በአዲስ ክር ከቀኙ ጋር ልክ በልክ አድርጌ ጠለፍኩት። በሥራዬ ደስ አለኝ። የቀረኝ ውሃ ረጭቶ መተኮስ ብቻ ነበር። መብራት ጠፋና ሳልተኩሰው አደረ።

ዓርብ ጠዋት መጡ። ራሕማ ከመጋረጃው ጀርባ ለብሳ ወጣች። እቴ ዘይነባ በጨርቅ ቋጥረው ያመጡትን ጌጥ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉት። ከወልድያ የተከራዩት የሚያብለጨልጭ ዘውድ አለ፤ የራሳቸው የብር ድሪና አምባርም አለ። የቱ እንደሚሻል ጠየቁኝ። የጥጡ ንጣት ወደ ቢጫ ስለሚያደላ ብሩ እንደሚስማማው ነገርኳቸው። ድሪውን አጠለቁላትና ወደ ኋላ ራቅ ብለው አዩዋት።

«ወላሂ፣ እህቴን መሰልሽ» አሉ። ዘውዱን መልሰው ቋጠሩት።

ራሕማ አምባሩን በግራ እጇ ልታስገባ እጅጌውን ሰበሰበች። ጫፉን በጣቷ ዳሰሰችው። ደግማ ዳሰሰችው።

«የኔ ስፌት የት ሄደ?» አለች።

አልገባኝም።

«ሰባት ዓመቴ ነበር። እዚህ ጋ ተተርትሮ፣ እናቴ እጄን ይዛ ያሰፋችኝ ነው።»

እንደፈታሁት ነገርኳት። አልጮኸችም። አምባሩን ለአክስቷ መለሰችላቸው። «በቃ፣ ቬሎውን እለብሳለሁ» አለች። ቬሎ ቬሎ ሲሉ የነበሩት እቴ ዘይነባ ግን ዘውዱን ከቋጠሩበት አልፈቱትም።

ከመሳቢያው ካርቶኑን አወጣሁ። «ግራ እጅጌ፣ ጫፍ» ብዬ ጽፌበታለሁ። ቀሚሱን አውልቃ ስትሰጠኝ አዲሱን ክር ነቅዬ እጅጌውን በበሩ ብርሃን ላይ ዘረጋሁት። የኔ መርፌ የበሳው ቀጭን ነው። የድሮው መርፌ ወፍራም ስለነበር ቀዳዳዎቹ ሰፋ ብለው፣ እንደተንሻፈፉ ይታያሉ። ማታ ውሃ ረጭቼ ተኩሼው ቢሆን ኖሮ ተደፍነው ይቀሩ ነበር።

«በነዚሁ ቀዳዳዎች፣ በዚሁ ክር መልሼ ልስፋው» አልኳት።

«አንተ አይደለህም። መርፌውን ስጠኝ።»

ወንበሬ ላይ ተቀመጠች። እኔ ጨርቁን በብርሃኑ ላይ ወጥሬ ይዤ ቀዳዳዎቹን በስፒል ጫፍ አሳየኋት። ክሩ አርጅቷል፤ ሁለት ጊዜ ተበጠሰ።

«ያኔም እንዲሁ ነበር ያጣመምሽው!» አሉ እቴ ዘይነባ። «እናትሽ እጅሽን ባትይዝ ኖሮ ጉድ ነበር!»

ራሕማ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ። ጨርቁን እንዳያርሰው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ክሩ ያለቀው ሦስት ቀዳዳ ሲቀር ነው። የሚመስል ቀይ ክር እንዳለኝ ነገርኳት።

«ተወው፣ እንዲያው ይሁን» አለች።

እሑድ የሠርጉ መኪናዎች ወደ ሐራ ሲያልፉ ደጄ ላይ ቆሜ ነበር። የሙሽሮቹ መኪና መስኮት ክፍት ነው። የጥጥ እጅጌ አየሁ። ግራው ይሁን ቀኙ ግን አልለየሁም።

እነዚያን ሦስት ባዶ ቀዳዳዎች ሳስብ አሁንም አፍራለሁ። ከዚያ ወዲህ የሰው ልብስ ከመፍታቴ በፊት «ማን ነው የሰፋው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙዎቹ ይስቁብኛል፤ «የስፌት መኪና ነዋ!» ይሉኛል። ቢስቁም መልሱን ሳልሰማ መቀስ አላነሳም።