አባቴ ባርኔጣውን ሲያለማምድ

ልጅ እያለሁ፣ አባቴ ከዳንግላ ገበያ አዲስ የሱፍ ባርኔጣ ገዝቶ እንጅባራ ቤታችን የገባ ዕለት እናቴ በሳቅ ፍርስ አለች። አናቱ ድፍን፣ ጠርዙ እንደ ሰፌድ የተዘረጋ ነበር። "ድስት ነው እንዴ የደፋኸው?" አለችው። አባቴ አልተቆጣም። "ቆይ፣ ራሴን እስኪለምድ ነው" አለ።

ከዚያ ወዲያ ከሥራ በተመለሰ ቁጥር ማንቆርቆሪያ ይጣዳል። ባርኔጣውን እንፋሎቱ ላይ ያዞረዋል፤ ሱፉ ሲለሰልስ አናቱን በእጁ ጎን ጎድጎድ፣ ፊቱን በሁለት ጣቱ ቆንጠጥ፣ ጠርዙን ወደ ግንባሩ ዝቅ ያደርገዋል። ቤቱ ዝናብ የመታው በግ ይሸታል። ጠዋት ደግሞ ጉሙ ሳይገለጥ አድርጎት ይወጣል። መስከረም ላይ የጀመረው፣ ለጥር ጊዮርጊስ የፈረሰኞች በዓል ፈረሱን ሲጋልብ ባርኔጣው ራሱ ላይ የበቀለ ይመስል ነበር።

በቀጣዩ ክረምት አባቴ ደጅ ላይ እንደቆመ ወደቀ። ሲነሣ ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው፤ አንደበቱም ተሳሰረ። ከሐኪም ቤት በሚኒባስ ስንመለስ ባርኔጣው ጣሪያው ላይ ከዕቃ ጋር ታስሮ ኖሮ፣ መንገዱን ሙሉ ዝናብ ሲደበድበው መጣ። ስናወርደው እንደ እርጥብ ጨርቅ ተዝለፍልፏል።

"ልጄ፣ ማንቆርቆሪያውን ጣጅልኝ" አለኝ። ቃሉን ለመለየት ጆሮዬን ማስጠጋት ነበረብኝ። አምስተኛ ክፍል ነበርሁ። እንፋሎቱ ጣቴን እየለበለበኝ የባርኔጣውን አናት ተጫንሁት፤ ተመልሶ አበጠ። ፊቱን ቆነጠጥሁት፤ ወደ አንድ ወገን ተጣመመ። "ወደ... ወደዚህ" ይለኛል፤ ወዴት እንደሆነ አይገባኝም። በግራ እጁ ሊያሳየኝ ተንጠራራ፤ ሳይደርስበት እጁ ጭኑ ላይ ወደቀ። አባቴ ሲያለቅስ ያን ቀን አየሁ።

"አባዬ፣ እንደገና ልሞክር?"

"ተይው ልጄ። እንዲሁ አድርጊልኝ።"

እንደተጣመመ ራሱ ላይ አደረግሁለት። እናቴ ፊቷን ወደ ጓሮ አዞረች። እስኪያርፍ ድረስ እንደዚያው ሆኖ ነው ያደረገው።

ዛሬ የእንጅባራ ሱቆች ቅርጹ የወጣለት ባርኔጣ ይሸጣሉ፤ ወጣቶቹ ገዝተው እዚያው ያደርጉታል፤ ያምርባቸዋልም። እኔ ነርስ ሆኛለሁ። አንደበቱ የተሳሰረ ታማሚ ሲገጥመኝ ወንበር ስቤ አጠገቡ እቀመጣለሁ፣ እስኪገባኝ እጠብቃለሁ። አንዳንዱ ይገባኛል። ሌላው ሳይገባኝ ሲቀር ግን እጁን ይዤ ከመቀመጥ በቀር የማደርገው የለኝም፤ በዚህ በዚህ ከአምስተኛ ክፍሏ ልጅ ብዙም አልራቅሁም።