የእንዳላማው ፍጥነት መያዣ
የፊታውራሪው ሾፌር እንዳላማው፣ አዲሱ የአሜሪካ መኪና ነዳጅ ሳይረገጥ ፍጥነቱን ጠብቆ የሚሄድበት ቁልፍ አለው እያለ ደብረ ማርቆስን በጉራ አላስቀምጥ ብሎ ነበር። የደምበጫ መንገድ ላይ ግን ቁልፉ በየጉብታው እየለቀቀ አዋረደው። ፊውዝ ቀየረ፤ ሽቦ ፈታ፤ ባይሆንለት «ቡዳ በልቶት ነው» ብሎ ጠበል ረጨበት። ቢጨንቀው መካኒኩን አብዱልዋሂድን አሳፍሮ ወጣ።

ቤተ ክርስቲያን በታየ ቁጥር እንዳላማው ጎንበስ ብሎ ይሳለማል፤ ለአክብሮቱም ፍሬን ነካ ያደርጋል። ጎጃም ውስጥ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የሌለበት ጉብታ ከየት ይመጣል?

«ይኸው፣ ደግሞ ለቀቀ!» አለ።

አብዱልዋሂድ ሳቁን ዋጠ። «ፍሬን ሲነካ እንዲለቅ ነው የተሠራው። መኪናውስ ጤነኛ ነው። ለመሆኑ አንተ ቤተ ክርስቲያን የምትሳለመው በእግርህ ነው እንዴ?»