ጭልፋዋ ሙሽራ

በአንኮበር ቁልቁለት ሥር ባለች መንደር ደመቀች የምትባል ጥጥ ፈታይ ነበረች። ባሏ ቀድሟት ሞቶ አንድ ልጇን የሺጥላን በእንዝርቷ አሳደገች። ስሟን በአገሩ ያስጠራው ግን ፈትሏ አይደለም፤ ጭልፋዋ ነው።

ቤተ መንግሥቱ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ ሲዛወር አዝማሪውም መለከት ነፊውም ግብሩን ተከትሎ ነጎደ፤ ጠጅ ያለበትን ማን ይጠላል! ለባላገሩ የቀረችለት ደመቀች ብቻ ነበረች። በደቦ አጨዳ ቀን ሰው ለምሳ ሲያርፍ እሷ ከነዶው ፊት ቆማ ጨዋታዋን ታሳያለች። ጭልፋዋን ቁራጭ ነጠላ ታለብሳታለች፤ ይህች ምራት ናት። ዘነዘናውን መሬት ላይ ትተክለዋለች፤ ይህ ልጅየው ነው። እናቱና ሚስቱ ሲነታረኩ ተገትሮ ያያል እንጂ ትንፍሽ አይልም። ባሎች እዚህ ላይ ይስቃሉ፤ ሚስቶቻቸው ግን አይስቁም። አማቲቱ ራሷ ደመቀች ናት። ሌላ ዕቃ የለም።

አማቲቱ ምራቷን በዶሮ ጩኸት ለወፍጮ ትቀሰቅሳታለች፤ ዱቄቱ ላመ አልላመ ብላ በጣቷ ትፈትሻለች፤ በመጨረሻም በዝናብ ታባርራታለች። ምራቲቱ ከደጅ ዘወር ብላ፣ «እሜቴ፣ ሊጡን አቡክቻለሁ፤ ነገ ይደርሳል። እንዳይኮመጥጥብዎ» ትላለች። ያን ጊዜ ጎበዝ ነኝ የሚለው አጫጅ ሁሉ ዓይኑን በኩታው ጫፍ ይጠርጋል። አንድ ዓመት እንዲያውም አንዲት ባልቴት ብድግ ብላ፣ «አረመኔ!» እያለች ደመቀችን በጓል አለቻት። ደመቀች ያን ጓል እንደ ሽልማት ቆጥራ ክረምቱን ሁሉ ስታወራው ከረመች። የአማቲቱን ድምፅ ከየት እንዳመጣችው ለማንም አልተናገረችም። ሟች አማቷ ሰባት ዓመት ሙሉ የጮኹባት ድምፅ ነበር።

ጉዱ የመጣው የሺጥላ ለትዳር ሲደርስ ነው። ሽማግሎች ንጋቷን ሊጠይቁለት ወደ አባቷ ወደ ገብረ ጻድቅ ሄዱ። ገብረ ጻድቅ ባለፈው ደቦ ከሰው ሁሉ አብልጦ ያለቀሰ ሰው ነው።

«ልጁ ጨዋ ነው፤ አልጠላሁትም» አለ። «ግን እንኳን ልጄን፣ ጥጃዬንም እዚያች ሴት ቤት አላሳድርም።»

«ኧረ ጨዋታ ነው!» አሉት።

«ሆዷ ውስጥ የሌለ ካፏ ከየት ይመጣል? ዳግመኛ ላትጫወት ትማልና ልጄን ትውሰድ።»

ደመቀች ይህን ስትሰማ ሦስት ቀን እንዝርት አልነካችም። ያን ጨዋታ መተው ለእሷ ምላሷን ቆርጦ የመስጠት ያህል ነበር። ልጅ ግን ልጅ ነው። በአራተኛው ቀን ሚካኤል ደጅ ቆማ፣ በአባ ዘርአ ዳዊት ፊት እያለቀሰች ማለች። ዘነዘናው ወደ ሙቀጫው፣ ጭልፋዋም ወደ ወጧ ተመለሱ።

ሠርጉ ተሠረገ። ንጋቷም ጨዋታውን አይታ ያደገች ናትና እየፈራች ገባች። በመጀመሪያው ማለዳ ዶሮ ሲጮኽ ተስፈንጥራ ወደ ወፍጮው ብትሄድ ደመቀች ቀድማት ፈጭታ ጨርሳለች። «ተመለሺ ልጄ፤ ገና ነው፤ ብርድ ነው» አለቻት።

በዓመቱ ኅዳር ደቦው የየሺጥላ እርሻ ላይ ዋለ። ገብረ ጻድቅም ማጭዱን ይዞ መጥቷል። ምሳ ላይ ሰዉ እንደ ልማዱ «ደመቀች! ደመቀች!» አለ። እሷ አንገቷን ደፍታ ራሷን ነቀነቀች። አጫጁ ሁሉ አኮረፈ፤ ሽሮው እንኳ አልጣመውም።

ያን ጊዜ ንጋቷ ጭልፋዋን ከወጡ አውጥታ ጠረገችና ከነጠላዋ ጫፍ ቀድዳ አለበሰቻት። ገብረ ጻድቅ «ምን ልታደርጊ ነው?» ብሎ ተነሣ።

«የማሉት እሜቴ ናቸው፤ እኔ አልማልኩም» አለችው።

ሽማግሎቹ ተያዩ። ነገሩ ሕግ ነው፤ ምን ይባላል? ገብረ ጻድቅ ተመልሶ ተቀመጠ።

ደመቀች ከሰዉ መካከል ነበረች። ስንት ዓመት ስትጫወተው ኖራ አይታው አታውቅም። ጭልፋዋ ከደጅ ዘወር ብላ ስለ ሊጡ ስትናገር፣ እሷ ከሁሉም ቀድማ አለቀሰች። ጨዋታው እዚያ ላይ ያልቅ ነበር፤ ንጋቷ ግን አላቆመችም። በአማቲቱ በዚያ ሻካራ ድምፅ፣ «ተመለሺ ልጄ፤ ገና ነው፤ ብርድ ነው» አለች።

ሰዉ አጉረመረመ። ጓል የወረወረችው ባልቴት፣ «አበላሸሽው! አማት እንዲህ አትልም!» ብላ ጮኸች።

ንጋቷ ጭልፋዋን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «የእኔ አማት ግን ብለውኛል» አለች።

ገብረ ጻድቅ ዓይኑን እየጠረገ ወደ ደመቀች ቀረበ። «አባ ዘርአ ዳዊት ዘንድ ሄደን መሐላውን እናስፈታ» አላት።

«ይተዉት» አለች ደመቀች፣ ዓይኗን ከጭልፋዋ ሳታነሣ። «እኔ ገና ዛሬ ማየቴ ነው።»