የኮንግረስ አባሉ እንግዶች

ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሐበሻ ሲሞት የሕይወት ታሪኩን የሚጽፈው አባቴ ነበር። የሟች ማንነት ለውጥ አያመጣም፤ ከአባታቸው ከእገሌ፣ ከእናታቸው ከእገሊት ተወለዱ ይላል፣ ከዚያ ደግነታቸውና እንግዳ ተቀባይነታቸው ይከተላል። ሚስቱን ሲደበድብ የኖረ እንኳ በአባቴ ብዕር ለትዳሩ ታማኝ ሆኖ ይቀበራል።

በዘጠናዎቹ፣ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ አስተማሪዬ ስለ አንድ የጥንት የኮንግረስ አባል ሪፖርት እንዳቀርብ አዘዘችኝ። ሰውየው አገሪቱ ገና ስትመሠረት ከቨርጂኒያ የተመረጠ ጠበቃና ባለ እርሻ ነው። አባቴ አሌክሳንድሪያ ድረስ ነድቶ ሰውየው የኖረበትን፣ አሁን ሙዚየም የሆነውን ቤት አሳየኝ። ከዚያ በለመደው እጁ ጻፈልኝ፤ እኔ ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት። በምክር ቤት ለሕዝብ እንዴት እንደደከሙ፣ ስለ ሕግ እንዴት እንደተከራከሩ አንድም አልቀረም። «ገበታቸው ከእንግዳ ተለይቶ አያውቅም» የምትለዋን አባቴ ደጋግሞ አነበባት።

ወላጆች በተጋበዙበት ቀን ክፍሉ ፊት ቆሜ አነበብኩ። ስጨርስ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት የክፍሌ ልጅ እጇን አወጣች።

«ለእነዚያ ሁሉ እንግዶች የሚያበስለው ማን ነበር?»

መልሱን አውቀዋለሁ። አሌክሳንድሪያ በሄድን ጊዜ የጓሮው ማድ ቤት በር ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ከአባቴ ጋር አንብበነዋል። የምታበስለው ባሪያው ነበረች፤ እሱ ሲሞት ከልጇ ለይተው ሸጧት። አባቴ «ይሄ የሕይወት ታሪክ ውስጥ አይገባም» ብሎ ትቶታል። አሁን ከኋላ ተነሥቶ፣ በዚያ በሚጎተት እንግሊዝኛው፣ በሞተ ሰው ላይ ክፉ እንደማይነገር ለልጅቷ ያስረዳት ጀመር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ማታ እንደወትሮው የአባቴ ጓደኞች ቤታችን መጡ። ነገሩን እንደ ቀልድ ሲያወራላቸው ሳቁ። እናቴ የሆስፒታል ሥራ ልብሷን ሳትቀይር ወጥ ይዛ ከኩሽና ወጣች።

«ሴትዮዋ ስሟ ማን ነበር?» አለችኝ።

«አይ ዶንት ኖው፣ እማዬ። አልተጻፈም።»

«የልጇስ?»

«እሱም።»

ወጡን ለሁሉም አዳርሳ ወደ ኩሽና ተመለሰች። አባቴ አንገቱን ደፋ፤ ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። ደግ አደረገችህ አልኩት በሆዴ። ቀኑን ሙሉ በእሱ ሳፍር የዋልኩት እኔ በልቼ ጠገብኩና ሳህኔን እዚያው ትቼ ተነሣሁ። ሳህኔ ትዝ ያለኝ አልጋዬ ውስጥ ሆኜ ነው፤ እናቴ ገና ዕቃ ታጥብ ነበር።