የጠርሙስ ፈታሿ ልጅ

የልጅቷ መምህርት እናቲቱን ከክፍሉ ደጃፍ አቁማ፣ «ከኋላዋ ስጠራት አትሰማኝም። ልጆቹ ሲስቁባት ነው ዞር የምትለው። እባክዎ ጆሮዋን ያሳዩላት፤ ሳይብስ» አለቻት።

«የኔን ልጅ?» አለች እናት። «በየማለዳው እኮ እፈትሻታለሁ!»

እውነቷን ነው። በፍተሻ ደግሞ ከእሷ በላይ ላሳር! በለስላሳ መጠጥ ፋብሪካው «ንስሯ» የሚሏት በከንቱ አይደለም። ታዲያ ንስሯ አፍንጫዋ ሥር ያለውን እንዴት አጣችው? ይህን ለመረዳት ሥራዋን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ሥራው ደግሞ ሊያዩት የሚገባ ነው።

ታጥበው የመጡ ባዶ ጠርሙሶች በተንቀሳቃሽ ቀበቶ ላይ ተሰልፈው፣ በበራ ነጭ ሰሌዳ ፊት እየተንቀጫቀጩ ያልፋሉ። ደህናው ጠርሙስ ብርሃኑን እንዳለ ያሳልፋል። የተሰነጠቀው ግን ፀጉር የምታህል ጥቁር መስመር ብልጭ ያደርጋል። ያኔ የንስሯ እጅ ከሐሳቧ ቀድሞ አንገቱን ያንቀዋል፤ እግሯ ሥር ካለው በርሜል ወርዶ ይንኮታኮታል። ከሁሉ የሚገርመው የዓይን ጠባይ ነው። ዓይን አንድ ዓይነት ነገር ሲደጋገምበት እንደተከፈተ ይተኛል። ፈታሾች ቶሎ ቶሎ የሚፈራረቁትም ለዚሁ ነው።

ልጇን ወልዳ ወደ ሥራ በተመለሰች ሰሞን ንስሯም ዓይኗ ይተኛባት ነበር። ባሏ የረጅም መንገድ ሾፌር ነው፤ መጣ ሲሉት ሄደ። ሕፃኗን ጎረቤት ትታ ትመጣለች፤ ጡቷ ሸሚዟን ያርሳል፣ ልቧ እቤት ይቀራል። አንድ ቀን ስንጥቅ አሳለፈችና አለቃው በሰው ፊት አዋረዳት። አጠገቧ የምትቀመጠው አንጋፋዋ ፈታሽ እንባዋን አይታ፣ «ስሚ እቴ፣ ቤትሽን በር ላይ አራግፈሽ ግቢ። ስትወጪ ታነሺዋለሽ፤ ማን ይሰርቅሻል?» አለቻት።

ሞከረችው፤ ያዘላት። ከሰሌዳው ፊት ስትቀመጥ ኪራዩም፣ የልጅ ሳልም፣ የባል መዘግየትም ጥርግ ብሎ ይሄዳል። ጭንቀቷ ለቀቃት፤ ስንጥቅም ማምለጡ ቀረ። ቀልዱም ተመለሰላት።

«አንቺ ንስሯ፣ ባልሽንም እንዲህ አገላብጠሽ ነው የመረጥሽው?» ይሏታል።

«እሱንማ መብራት ጠፍቶ ነው ያገኘሁት!»

ችግሩ፣ አራግፋ የገባችውን ስትወጣ ማንሳቱን እየረሳች መጣች። ማታ ልጅቷ ስታወራ ዓይኗን ፊቷ ላይ ተክላ፣ «እሺ የኔ ቆንጆ» ትላለች፤ ከወሬው ግን አንዲት ቃል አልሰማችም። ማለዳ የሠራተኛ አውቶቡስ ከመድረሱ በፊት ደግሞ ልጅቷን መስኮቱ ፊት ታቆማለች። ጥርስ፣ ጥፍር፣ ጆሮ፣ አንገትጌ። ከዚያ ትከሻዋን መታ አድርጋ «አልፈሻል!» ትላታለች። ሲጀመር ጨዋታ ነበር። ልጅቷ አንድ ቀን ፋብሪካው በር ላይ እየጠበቀቻት፣ «ያላለፈው የት ይሄዳል?» ብላ ስትጠይቃት፣ ወደ ውስጥ አስገብታ በርሜሉን በኩራት ያሳየቻት እናቷ ራሷ ናት።

ከመምህርቷ ጥሪ በኋላ ሐኪሙ በትንሽ መብራት የልጅቷን ግራ ጆሮ አየ። ደግሞ አየ። «ይሄ የቆየ ቁስል ነው። ታምቡሩን በልቶታል። ይህኛው አይመለስም፤ ሌላውን ለማትረፍ እንሞክራለን። መግል ሲወጣ አላዩም?»

«ምንም! በየቀኑ አያታለሁ እኮ፣ ዶክተር። አንቺ፣ ለምን አመመኝ አላልሽኝም?»

«ነግሬሽ ነበር» አለች ልጅቷ። «እሺ የኔ ቆንጆ አልሽኝ።»

«መግሉስ?» አለች እናት።

ልጅቷ ጫማዋን አየች። «ጠዋት ጠዋት ሳትነሺ እጠርገው ነበር። እንዳልፍ።»

 ሐኪሙ ዞር ብሎ መጻፍ ጀመረ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ነቅታ ልጇን ስትሸፋፍን ትራሱ ሥር የታጠፈች ጨርቅ አገኘች። ጠንክራለች፤ ትሸታለች። መልሳ አስቀመጠቻት። ትንሽ ቆይታ ሐኪሙ ያዘዘውን ጠብታ በደህናው ጆሮ ጨምራ በጥጥ ስትደፍነው ልጅቷ ሳትተነፍስ ታገሰቻት፤ ከዚያም ማንም ሳይጠራት ሄዳ መስኮቱ ፊት ቆመች። ጥርሷን ገለጠች፤ ጣቶቿን ዘረጋች።

አውቶቡሱ ታች ጥሩንባውን ነፋ። እናት ከጎኗ ቀረብ ብላ፣ «ዛሬ ፍተሻ የለም፣ እናቴ። ከእንግዲህም የለም» አለቻት።

እናት የቆመችው በልጅቷ ግራ በኩል ነበር። ልጅቷ ጥርሷን እንደገለጠች፣ ጣቶቿን እንደዘረጋች፣ ብርሃኑን እያየች ጠበቀች።