ለልደት የተተከለው ድንኳን

ልጄ ትናንት ከትምህርት ቤት የልደት ጥሪ ካርድ ይዛ መጣች። ሮዝ ነው፤ ላዩ ላይ ብልጭልጭ ዱቄት ተነስንሶበታል። ተቀብያት ሳነበው ዱቄቱ ጣቴ ላይ ቀረ፤ በሳሙና ታጥቤም አልለቅ አለኝ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይም እንዲሁ ጣቴ ላይ ሦስት ቀን ከርሞ ነበር። ታሪኩን ልንገራችሁ፤ መሳቅ ካማራችሁም ሳቁ፣ እኔም አንዳንዴ እስቃለሁ።

እናቴ አትክልት ተራ ሽንኩርት ትቸረችር ነበር። ቤታችን ከዚያ ብዙም የማይርቅ የቀበሌ ቤት ሲሆን ግድግዳው ሳይቀር ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። እኛ ስለለመድነው አይታወቀንም። የጓደኛዬ አባት ደግሞ መርካቶ ዱባይ ተራ ትልቅ የጫማ መደብር ነበራቸው። ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ክፍል እኔና እሷ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ነው የተማርነው። አንዲት ማስቲካ ተራ በተራ እናኝክ ነበር፤ ከዚህ በላይ ምን ወዳጅነት አለ? ስድስተኛ ክፍል ላይ እሷን የግል ትምህርት ቤት አስገቧት፣ እኔ እዚያው ቀረሁ። ቢሆንም ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታቸው መሄዴን አላቆምኩም። እናቷም "መጣሽ የኔ ልጅ?" እያሉ ጉንጬን ይስሙኝ ነበር።

የእጅ ጽሑፌ ያምር ነበር። ስለ ራሴ ብዙ አላወራም፣ ይህን ግን አልደብቅም። አሥራ ሁለተኛ ዓመት ልደቷ ሲቃረብ ጓደኛዬ ሠላሳ ካርድ አስገዝታ "አንቺ ጻፊልኝ" አለችኝ። ሳሎናቸው ምንጣፍ ላይ በደረቴ ተኝቼ እሷ ስም እየጠራች እኔ ጻፍኩ፤ ሁሉም የማላውቃቸው የአዲሱ ትምህርት ቤቷ ልጆች ናቸው። የከሰዓት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ዱቄቱን ታብለጨልጨው ነበር። ሠላሳኛውን ስጨርስ የኔ ስም አልተጠራም። ካርዶቹን ደረደርኩ፣ አፍርሼ እንደገና ደረደርኩ። ገባት መሰለኝ፣

"አንቺማ የቤት ሰው ነሽ። ለቤት ሰው ካርድ ይሰጣል እንዴ?" አለችኝ።

አመንኳት። እውነትም በኛ ሰፈር ሠርግ እንኳ ሲደገስ ካርድ የሚላከው ለሩቅ ሰው ነው። የቅርብ ዘመድ ካርድ ቢደርሰው "እንደ ባዳ ቆጠሩኝ" ብሎ ይቀየማል። ለእናቴ ስነግራት "እንዴታ!" አለች፣ ኩራት ኩራት እያላት። በማግስቱ ቢጫ ቀሚስ ገዝታልኝ መጣች።

ልደቱ ቅዳሜ ነበር። ዓርብ ከሰዓት ጓደኛዬን ከአባቷ መደብር በር ላይ አገኘኋት። ዓይኔን ሳታይ "ልደቱ ቀርቷል" አለችኝ።

"ለምን?"

"አያቴ ሞተች። አገር ቤት ሊቀብሯት ወስደዋታል። ቤት ማንም የለም፣ እንዳትመጪ።"

ይህን ብላኝ ወደ ውስጥ ገባች። አያቷን እወዳቸው ነበር፤ ባገኙኝ ቁጥር ከመቀነታቸው ከረሜላ ፈትተው ይሰጡኛል። እያለቀስኩ ቤቴ ገባሁ።

ጓደኛዬ አንድ ነገር አላሰበችም። ልደት ቀረ የተባለ ሰው ይቀራል። ሰው ሞተ ከተባለ ግን መርካቶ ውስጥ ማን ይቀራል? በተለይ እናቴ! እሷ ሠርግ ቢያመልጣት ግድ የላትም፤ ለቅሶ ሳትደርስ ከቀረች ግን መንገድ ቀይራ ነው የምትሄደው። "ቤት ማንም የለም ብላለች" ብላት፣ "ከቀብር ሲመለሱ ሰው ይጠብቃቸው እንጂ!" ብላ ተቆጣችኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሥራዋን ጥላ ጥቁር ቀሚሷን ለበሰች፣ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ለቅሶ ቤት ወጥ መሠራቱ አይቀርም ብላ አንድ ኩርቱ ፌስታል ሙሉ ሽንኩርት ያዘች። ቢጫ ቀሚሴ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ቀረ፤ እኔ የዩኒፎርም ሹራቤን ለብሼ ተከተልኳት።

የግቢያቸው በር ክፍት ነበር። ውስጥ ነጭ ድንኳን ተተክሏል። ያን ቀን ሰፈሩ በሙሉ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ሙዚቃ የሚባል ነገር አይሰማም። ድንኳን፣ ጸጥታ፣ በር ላይ የቆሙ መኪኖች፤ ሌላ ምን ምልክት ይፈለጋል? እናቴ ፌስታሉን ለኔ አቀብላ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ "ውይ እናቴን! ውይ እናቴን!" እያለች ገባች። እኔም ከኋላዋ እየጮህኩ ገባሁ።

ድንኳኑ ውስጥ ሠላሳ ልጆች የወረቀት ቆብ አጥልቀው ቆመዋል። ፊኛ በየቦታው ተንጠልጥሏል። ጓደኛዬ ኬክ ፊት ቢላ ይዛ ደርቃ ቀርታለች። ከጎኗ አያቷ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ለእሳቸውም የወርቅ ቀለም ያለው ቆብ ተደርጎላቸዋል።

"ማን ሞተብሽ ልጄ?" አሉ አያትየው።

እናቴ አያትየውን አየች፣ ጓደኛዬን አየች፣ ከዚያ ዞራ እኔን አየችኝ። ሁሉም ነገር የገባት ያኔ ነው። እኔም የገባኝ ያኔ ነው። አሁን ትናገርልኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እናቴ ግን ወደ ጓደኛዬ እናት ዞረችና፣

"ይቅርታ እትዬ፣ ልጄን ለልደቱ ላድርስ ብዬ ስነሳ መርዶ ደረሰኝ። የቅርብ ሰው ነው። አልቻልኩም፣ ለቅሶው ይዞኝ ገባ" አለች።

"እኔን! እኔን!" አሉና አቅፈዋት አለቀሱ። ትልልቆቹ ሁሉ ተነስተው "እግዜር ያጥናሽ" አሏት። አያትየው ቆባቸውን አወለቁ። አንዲት ሴት ፌስታሉን ከእጄ ተቀብላ ስጦታዎቹ መሃል አስቀመጠችው። እናቴ እኔን ወደ ልጆቹ ገፋ አድርጋ "ትጫወት" ብላ ወጣች።

ተቀመጥኩ። ሁሉንም በስም አውቃቸዋለሁ፣ ስማቸውን የጻፍኩት እኔ ነኛ! የኔን ስም የጠየቀኝ ግን አልነበረም። አንዷ አፍንጫዋን ይዛ "ምንድን ነው የሚሸተው?" ስትል ሌሎቹ ሳቁ። ጓደኛዬን አየኋት። እሷም ሳቀች። እስከዛሬ ይቅር ያላልኳት ውሸቷን ሳይሆን ያችን ሳቅ ነው።

ቤት እንደገባሁ በእናቴ ላይ ጮህኩባት። "ለምን አልተናገርሽም?"

"አሮጊቷ መርዷቸውን በቁማቸው ይስሙ? ልጅቷስ በሰው ፊት ትዋረድ?"

"እኔስ?"

"አንቺማ ከኔ ጋር ነሽ።"

ይህ ምን ዓይነት መልስ ነው? ዛሬ እናት ሆኜም ግማሹ ብቻ ነው የገባኝ። ያን ቀን ግን እሷም አሳልፋ የሰጠችኝ ነው የመሰለኝ፤ ሳላናግራት ተኛሁ።

እናቴም አንድ ነገር አላሰበችም ነበር። መርዶ ደረሰኝ ያለ ሰው ለቅሶ ይመጣበታል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የጓደኛዬ እናት ስኳርና ዳቦ አስይዘው፣ ጓደኛዬን አስከትለው መጡ። ነጠላ አልብሰዋታል። ጠባቧ ቤታችን ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተን ተቀመጥን። ጓደኛዬ መሬት መሬቱን ታያለች።

"ለመሆኑ ማን ነው ያረፈው?" አሉ እናቷ።

እናቴ ውሸት አትችልም። አንዱን እንደምንም ተወጥታው ሁለተኛው ላይ አፏ ተያዘ፤ የነጠላዋን ጫፍ ታፍተለትል ጀመር።

"የኔ ጓደኛ ናት" አልኩ እኔ።

"ውይ! ልጅ ናት?"

"እኩያዬ ናት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረን ነበርን።"

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ፣ አላስቆመችኝም። ጓደኛዬ ማልቀስ ጀመረች። የማስመሰል አልነበረም፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። እናቷ "ልጄ ሆደ ቡቡ ናት፣ ለሰው ልጅ እንኳ እንዲህ ታለቅሳለች" እያሉ ዓይኗን ጠረጉላት።

ሲወጡ እንደ ወጉ ተራ በተራ ጨበጡን። ጓደኛዬ እጄን ይዛ ቆየች። አንድ ነገር ብትለኝ ኖሮ፣ ምንም ይሁን ምን፣ እምራት ነበር።

"እግዜር ያጥናሽ" አለችኝ።

"አሜን" አልኳት። ከዚያ ወዲህ ተነጋግረን አናውቅም። በሩ ሲዘጋ ሄጄ እናቴ ጭን ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እሷም ዝም በይ አላለችኝም፤ የለቅሶ ነጠላዋን ሳታወልቅ እስክጨርስ ድረስ ጀርባዬን ትደባብሰኝ ነበር።