በራቢዓ መዝገብ ላይ ያለው መስመር

ሰኔ 2002 ዓ.ም. የራቢዓ እህት ኡሙሃኒ በእርግዝናዋ ስምንተኛ ወር እያንቀጠቀጣት ቆቦ ወዳለ አንድ የእናቶች ክሊኒክ ገባች። ራቢዓ የዚያው ክሊኒክ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበረች። ለነፍሰ ጡር መንቀጥቀጥ ከዳያዜፓም ይልቅ ማግኒዥየም ሰልፌት እንደሚያድን የሚናገረውን ወረቀት ይዛ ወደ ዶክተር ሞላ ሮጠች። ማግኒዥየሙ በክሊኒኩ መጋዘን ተቀምጧል።

«ሃያ ዓመት በዳያዜፓም ሠርቻለሁ» አላት፣ ወረቀቱን ሳያይ። «አንቺ አቧራሽን ጥረጊ።»

ኡሙሃኒ የከሰዓቱ የአስር ሶላት ሳይደርስ አረፈች።

ራቢዓ ቂሟን እንደ ሥራዋ በሥርዓት ያዘችው። ክረምቱን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ኢንተርኔት ቤት እየዋለች በሺዎች በሚቆጠሩ እናቶች ላይ የተደረገውን ጥናት አተመች። ከሕክምና መመሪያው ጋር ሰፋችው። በመጪው አርብ ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ ሲሰበሰብ ሞላ ፊት ታኖረዋለች። አንገቱን ሲደፋ ማየት ነበር የናፈቃት።

ረቡዕ ከዋጃ አንዲት ነፍሰ ጡር እየተንቀጠቀጠች በባጃጅ መጣች። ሞላ አልነበረም። ራቢዓ ወረቀቱን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ቆመች፤ ዛሬ ለአዋላጇ ከሰጠችው ሞላ ቀድሞ ይሰማና አርብ ያመልጣታል። የሴትዮዋ እግር እንደ ኡሙሃኒ እግር አብጧል። ወረቀቱን ለአዋላጇ ለሲስተር ዘነበች ሰጠች። ዘነበች ማግኒዥየሙን ከመጋዘን አስወጥታ ሰጠቻት፤ ሴትዮዋ ዳነች።

አርብ ዕለት ሞላ «እኛ የጀመርነው ሕክምና» እያለ ተናገረ። ራቢዓ ወደ ቤተ መጻሕፍቷ ተመለሰች። ከስብሰባው በኋላ፣ ዘነበች የመለሰችላትን ወረቀት ፈልጎ እንደሚመጣ ታውቃለች፤ መጣም። ዘነበችና ሁለት ነርሶች ከኋላው ተሰልፈዋል።

«ያቺን ወረቀት አምጪማ።»

«የውሰት መዝገቡ ላይ ይፈርሙ ዶክተር። ምክንያቱንም ይጻፉ፤ የቤቱ ደንብ ነው።»

ጫር ጫር አደረገ።

«ጽሑፍዎ አይነበብም፤ አቧራ ጠራጊ ነኝና ያንብቡልኝ።»

ዘነበች ሳቋን በመዳፏ አፈነች። ሞላ «ለንባብ» አለ።

«ከላይ ያለውንም።»

ከስሙ በላይ በራቢዓ እጅ የተጻፈ የሰኔ መስመር ነበር። ዝቅ ባለ ድምፅ አነበበው፦ «ስለ ኡሙሃኒ ለዶክተር ሞላ ቀረበ። ሳያዩት መለሱት።»

ነርሶቹ መሬት መሬት አዩ። ሞላ አንገቱን ደፋ። የራቢዓ ልብ ግን አልጠገበም።

«ውሰቱ ሰባት ቀን ነው» ብላ ወረቀቱን ሰጠችው። «በስምንተኛው ቢሮዎ እመጣለሁ፤ ያነበቡትን እጠይቅዎታለሁ።»

በስምንተኛው ቀን ጠዋት መዝገቧን ታቅፋ ወደ ሞላ ቢሮ ሄደች።